ለባዮሜዲካል ሳይንስ ዶክትሬት ስለ ማመልከት

በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ሲደርስ በግቢያችን አንድ ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ይዘዋወራል። ይኸውም «ወደ አሜሪካ ለዶክትሬት ማመልከት እንዴት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የባዮሎጂ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ፣ የፋርማሲ፣ የእንስሳት ሕክምናና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄው በጎ ሆኖ ሳለ መልሱ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲተላለፍ እየተጣመመ ይሄዳል፤ አንዱ «ገንዘብ የሌለው አይሞክረው» ይላል፤ ሌላው «ማስተርስ ሳይያዝ አይታሰብም» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ማመልከቻውን አሳምሮ የሚጽፍ ሰው እንደሚያውቅ፣ ዋጋውም ይህን ያህል ብር እንደሆነ በጆሮ ያንሾካሹካል። በዚህ ምክንያት ቦታ ሊያገኙ ይችሉ የነበሩ ተማሪዎች ሳያመለክቱ ይቀራሉ፤ ካመለከቱትም ብዙዎቹ ማንነታቸውን የማያሳይ ወረቀት ልከው የእንቢታ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ስለዚህ ነው። ስለ ሁሉም አገር እንናገር ብንል ነገሩ ስለሚበዛ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀንን የአሜሪካን የባዮሜዲካል ሳይንስ ዶክትሬት ብቻ እንወስዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንናገር። በአሜሪካ በባዮሜዲካል ሳይንስ የዶክትሬት ፕሮግራም የተቀበሉት ተማሪ እንደ ወትሮው የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ የጤና መድን ይገባለታል፤ ለኑሮውም በየወሩ ገንዘብ ይሰጠዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም። ተማሪው በቤተ ሙከራ ውስጥ ምርምር ይሠራል፤ ምርምሩም ወጪው የሚሸፈነው በአብዛኛው የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከሚሰጠው የምርምር ገንዘብ ነው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ያወጣው የዓመት መተዳደሪያ 28,224 ዶላር ሲሆን፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከራሳቸው እየጨመሩ ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ማስተርስና የሕክምና ትምህርት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነርሱን በአብዛኛው ተማሪው ራሱ ይከፍላል። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ነው «ገንዘብ የሌለው አይሞክረው» ብሎ ወሬውን ያወራው።

ማስተርስ ያስፈልጋል የሚለውም ከሌላ አገር የመጣ ወሬ ነው። በብዙ የኤውሮፓ አገሮች ዶክትሬት የሚጀመረው ከማስተርስ በኋላ ነው፤ በአሜሪካ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከት ይቻላል። ትምህርቱም በአብዛኛው 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ኮርስ እየወሰደ በሁለት ወይም በሦስት ቤተ ሙከራዎች ጥቂት ጥቂት ሳምንት ይሠራል፤ ይህን ሮቴሽን ይሉታል። ከዚያ በኋላ አንዱን መርጦ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ፕሮግራም ቅበላውን የሚወስነው ኮሚቴ እንጂ አንድ ፕሮፌሰር አይደለም፤ ለሃምሳ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ መበተንም ጥቅም የለውም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብሔራዊ የጤና ተቋሙ ለተማሪዎች ማሠልጠኛ ከሚሰጠው ገንዘብ አንዱ ክፍል ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ለውጭ አገር ተማሪ ያለው ቦታ በጣም ጥቂት ነው። «ባለፉት ዓመታት የውጭ አገር ተማሪዎች ተቀብላችኋልን?» ብሎ ለፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት መጻፍ ነውር አይደለም፤ የማመልከቻ ገንዘብም ያድናል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኮሚቴው የሚፈልገው ምንድን ነው? ነጥብ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ጥሩ ነጥብ ያላቸው አመልካቾች ብዙዎች ናቸው። ኮሚቴው ራሱን የሚጠይቀው «ይህ ሰው መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ይዞ አምስት ዓመት መቀመጥ ይችላልን?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ትራንስክሪፕት መልስ አይሰጥም፤ ፈተና የሚወጣው መልሱ ከታወቀ ነገር ነውና።

ይህ ጠባይ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ሰውን ከመያዙ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶድን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ትሉና ስለ ቀንድ አውጣው ደግሞ በመጽሐፍ ተጽፎ ነበር፤ አዲሱ ነገር ሁለቱን አገናኝቶ «ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶዱ ይሆንን?» ብሎ መጠየቅና መሞከር ነበር። ዶክተር አክሊሉ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተማሩት በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ1966 የተመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የቅበላ ኮሚቴ ከአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የእንዶድን ያህል ግኝት አይጠብቅም። የሞተ ቀንድ አውጣ አይቶ ዝም ብሎ የማያልፍ ሰው መሆኑን ግን ማየት ይፈልጋል።

ይህን የሚያይበትም ዋናው ወረቀት አመልካቹ ስለ ራሱና ስለ ዓላማው የሚጽፈው የአንድ ወይም የሁለት ገጽ መግለጫ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንቆያለን። በግቢያችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ያየናቸው መግለጫዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት እንደዚህ ነው፤ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳይንቲስት የመሆን ጽኑ ምኞት ነበረኝ። አገሬ በልዩ ልዩ በሽታዎች የምትሠቃይ ስለሆነች፣ በታላቁ ዩኒቨርሲቲያችሁ ተምሬ ሕዝቤን ለማገልገል ቆርጬ ተነሥቻለሁ።» በዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። ችግሩ ይህን ዐረፍተ ነገር ከጎንደር እስከ ጂማ ማንም ሊጽፈው መቻሉ ነው። አንባቢው ምኞቱን አይነቅፍም፤ ነገር ግን መርምሮ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወደሚቀጥለው ፋይል ያልፋል።

አሁን ደግሞ እንበልና አንዲት የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ በጤና ጣቢያ ልምምድ ስትሠራ ያየችውን እንደሚከተለው ጻፈች፤

«በአራተኛ ዓመቴ በአንድ ጤና ጣቢያ ለስምንት ሳምንት የወባ ምርመራ ሠራሁ። በፈጣን መመርመሪያው ወባ የለባቸውም ከተባሉት ሕሙማን መካከል የስድስቱን ደም በማይክሮስኮፕ ሳየው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም አገኘሁ። መጀመሪያ መመርመሪያው በሙቀት ተበላሽቷል ብዬ ገመትሁ። ስለዚህ ከሌላ ካርቶን በወጣ መመርመሪያ ደገምሁት፤ አራቱ አሁንም ‹የለም› አሉ። መመርመሪያው የሚፈልገው ኤች አር ፒ ቱ የተባለውን የተውሳኩን ፕሮቲን እንደሆነ፣ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን የጎደላቸው ተውሳኮችም በኤርትራና በኢትዮጵያ እንደተገኙ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። የእኔዎቹ እንደዚያ መሆናቸውን ለማወቅ ፒ ሲ አር ያስፈልግ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ግን መሣሪያው አልነበረውም። በተቆጣጣሪዬ ፈቃድ የአራቱን ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቄ አስቀመጥሁ። ውጤቱን እስካሁን አላወቅሁም። ለመማር የምፈልገው ተውሳኩ ያን ጂን አጥቶ እንዴት መኖር እንደቻለ ነው።»

ልጅቱ ምንም አላገኘችም። ዳሩ ግን አንባቢው ብዙ ነገር አይቷል። ያልጠበቀችውን ስታይ ቆማለች፤ በመጀመሪያ የመጣላትን ምክንያት ወዲያው አላመነችም፣ ሌላ ካርቶን ከፍታ ፈትናዋለች፤ አንብባለች፤ የምታውቀውን ከማታውቀው ለይታ አስቀምጣለች። ሲፈርድባት የሚችል ነገር ሁሉ በወረቀቱ ላይ አለ፤ ስለዚህም ሊያምናት ይችላል። «ሕዝቤን ለማገልገል» የሚል ቃል አልጻፈችም፤ የጻፈችው ግን በሙሉ ስለ ሕዝቡ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለመጻፍ በትልቅ የምርምር ማዕከል መሥራት ግድ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልምምድ ጊዜ፣ በላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ያልሠራ ሙከራ እንኳ ይበቃል፤ ያልሠራበትን ምክንያት ተከታትሎ ከሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። «እኔ» ማለት ያሳፍረናል። በልጅነታችን «እኔ እኔ አትበል» ተብለን ስላደግን፣ በመግለጫችን ውስጥ «ናሙና ተሰበሰበ፤ ተመረመረ፤ ውጤቱም ተተነተነ» እያልን እንጽፋለን። የሩቁ አንባቢ ይህን ሲያነብ አመልካቹ በር ላይ ቆሞ ሌሎች ሲሠሩ ይመለከት የነበረ ይመስለዋል። (ይህን የምንመክረው እኛ ራሳችን ከላይ እስከ ታች «እኛ» እያልን መጻፋችን ያስቅ ይሆናል፤ መጽሔት ነውና ይፈቀድልን።) የሠራችሁትን «ሠራሁ» በሉ። በዚያው ልክ ያልሠራችሁትን አትውሰዱ፤ ፒ ሲ አሩን የሠራው የማስተርስ ተማሪ ከሆነ «እርሱ ሠራው፣ እኔ ናሙናውን አዘጋጀሁ» ማለት ክብር አይቀንስም፤ ጠያቂው በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ፒ ሲ አሩ በጠየቀ ጊዜም ከመንተባተብ ያድናል።

ስለ ችግርም እንዲሁ ነው። ችግርን ለማስለቀስ መጻፍ አይጠቅምም፤ ነጥብን ወይም የጊዜ ክፍተትን የሚያስረዳ ከሆነ ግን መደበቅም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተዘግተው ነበር፤ በ2020 መጨረሻ የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም የብዙ ተማሪን ትምህርት አቋርጧል። ለዚህ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሌላውን ቦታ ለሥራችሁ ተዉት።

ከመግለጫው ቀጥሎ ትልቅ ክብደት ያላቸው ሦስቱ የምስክርነት ደብዳቤዎች ናቸው፤ የእኛም ተማሪ አብዝቶ የሚጎዳው በእነዚህ ይመስለናል። ብዙ መምህራን ጊዜ ስለሚያጥራቸው «አንተው ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ» ይላሉ፤ ወይም «ትጉህ፣ ታዛዥና ሰዓት አክባሪ ነው» የሚል አራት መስመር ይሰጣሉ። ሰዓት ማክበር መልካም ነው፤ ለተመራማሪነት ግን ምስክር አይሆንም። ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ ከጻፈ ደግሞ የሦስቱም ደብዳቤዎች ቋንቋ ከመግለጫው ጋር አንድ ይሆናል፤ ብዙ ያነበበ ሰው ይህን ቶሎ ይለየዋል። ስለዚህ መምህሩን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በአክብሮት መጠየቅና አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ በየትኛው ዓመት ምን ኮርስ እንዳስተማሩት፣ በእርሳቸው ሥር ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው፣ የሚያመለክትባቸው ቦታዎችና የመጨረሻ ቀናቸው። «ዶክተር፣ ደብዳቤውን እርስዎ ይጻፉልኝ እንጂ ሥራዎን ለማቅለል ይህን አዘጋጅቻለሁ» የተባለ መምህር ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ዲፓርትመንቱን ከሚመራው ነገር ግን ተማሪውን ከማያውቀው ባለ ማዕረግ ይልቅ፣ በቤተ ሙከራ ሲሠራ ያየው ወጣት ሌክቸረር የጻፈው ይበልጣል። መምህሩ ደብዳቤውን የሚልኩት ራሳቸው በቀጥታ ነው፤ የሚጠቀሙበትም የኢሜል አድራሻ የዩኒቨርሲቲው ቢሆን ጥርጣሬን ያስቀራል።

በቅጹ ላይ «ደብዳቤውን የማየት መብትህን ትተዋለህን?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙዎች ይህን አይተው ይደነግጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ያለውን ፋይሉን እንዲያይ መብት ስለሚሰጥ የመጣ ጥያቄ ነው። «አዎን፣ እተወዋለሁ» ማለት የተለመደ ነው፤ ጸሐፊው በነጻነት እንደጻፈ ስለሚያሳይ ደብዳቤው የበለጠ ይታመናል።

በገንዘብ መግለጫ ስለሚጽፉት ሰዎች ብዙ አንናገርም። ዛሬ በነጻ የሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለመጣ ገበያቸው ሳይቀዘቅዝ አልቀረም። የሁለቱም ጉድለት ያው ነው፤ በጤና ጣቢያው ስላልነበሩ ሁለተኛውን ካርቶን ሊከፍቱት አይችሉም። እንግሊዝኛውን የሚያርምላችሁ ጓደኛ መፈለግ ግን ተገቢ ነው።

ስለ ወረቀቶቹ ጉዳይ ባጭሩ እንለፍ። ስም በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በማመልከቻው ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ይሁን፤ የአባት ስም ወይስ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ እንደሚገባ ፓስፖርቱን ተከተሉ። በ1996 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ዓመቱን ወደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ሳትለውጥ ብትሞላ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታረጃለች፤ ከፓስፖርቷም ጋር ትጣላለች። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ምሩቅ ዋናውን ዲግሪ ለማግኘት እንደሚቸገር የታወቀ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ለማመልከቻ ጊዜ የተማሪ ቅጂ ይበቃቸዋል፣ ከሬጅስትራር የሚላከውን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ጂ አር ኢ የሚባለውን ፈተና ከ2018 ገደማ ጀምሮ ብዙዎቹ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች ትተውታል። የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረን ሰው ከፈተናው ነጻ የሚያደርጉ ፕሮግራሞችም ስላሉ ከሬጅስትራር የማስተማሪያ ቋንቋ ማረጋገጫ ማውጣት ይጠቅማል።

የማመልከቻው ክፍያ በየቦታው ይለያያል፤ 75 ወይም 100 ዶላር የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ቀን ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ለፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት አጭር ደብዳቤ ይጻፍ፤ «በኢትዮጵያ የምገኝ አመልካች ነኝ፤ ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል ስለማልችል ነጻ እንድታደርጉኝ እጠይቃለሁ» ማለት በቂ ነው። አንዳንዱ እሺ ይላል፤ አንዳንዱ አይልም፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም። የመጨረሻው ቀን በብዙ ቦታ ዲሴምበር 1፣ ማለት ኅዳር 22 ቀን አካባቢ ነው።

ቃለ መጠይቁ ከጃንዋሪ እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ እዚህ ላለ ሰው በቪዲዮ ነው። በክረምታቸው ወራት ከኒውዮርክ በስምንት፣ ከካሊፎርኒያ በዐሥራ አንድ ሰዓት እንቀድማለን። በእነርሱ አነጋገር ከጧቱ 10 ሰዓት በኒውዮርክ ሰዓት የተባለ ቀጠሮ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ የካሊፎርኒያው ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ይህን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። መብራት ቢጠፋ የስልክ ዳታ ይዘጋጅ፤ ቢቋረጥም ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ መመለስ ማንንም አይጥልም። ጥያቄው ከመግለጫው ይነሣል። ያችን የወባ ተማሪ ብንጠይቃት «በስድስቱ ሰዎች ደም ውስጥ የተውሳኩን ቁጥር መዝግበሽ ነበርን? ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ መመርመሪያው ጂን ሳይጎድልም ሊስት ይችላልና» እንላት ነበር። «አልመዘገብሁም፤ አሁን ብሠራው በመጀመሪያ የምመዘግበው እርሱን ነው» ካለች ጥሩ መልስ ነው። አመልካቹም በተራው ይጠይቅ፤ ተማሪዎች በስንት ዓመት እንደሚጨርሱ፣ ተቆጣጣሪው ቤተ ሙከራውን ለቆ ቢሄድ ተማሪው ምን እንደሚሆን።

መልሱ በጊዜው ይመጣል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት የገንዘብ ድጋፍ ያለበት ቅበላ የተሰጠው ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለት እስከ ሚያዝያ 7 ቀን አስቦ እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥሪ እንዳገኛችሁ በችኮላ አትፈርሙ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምርምር ገንዘብ በመናወጡ የተማሪ ቁጥር የቀነሱ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ የሰጠውን ቅበላ እስከ መሰረዝ የደረሰም ነበር። የቪዛውም ደንብ በየጊዜው ይለዋወጣል። ይህን ስናስብ በአሜሪካ ብቻ መንጠልጠል አይበጅም እንላለን፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማይክሮባዮሎጂ፣ በፓራሲቶሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪና በፊዚዮሎጂ የማስተርስ ትምህርት አለ፤ ለዚህም የብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚሰጥበትን ቀን መከታተል ነው። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም በሳንባ ነቀርሳና በሥጋ ደዌ ላይ ለብዙ ዓመታት የተሠራ ምርምር አለ። በዚያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው መግለጫውን እንደገና ሲጽፍ የሚጽፈው አያጣም።

ረቂቅ ያላችሁ ተማሪዎች ስማችሁን ሰርዛችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብትተዉልን አንብበን አስተያየታችንን በኅዳጉ ላይ ጽፈን እንመልሳለን። እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ከጥቅምት 20 ቀን በፊት አምጡ፤ ከሁለት ገጽም አይብለጥ።